ወደ ምዕራብ የሄደው አያት ምን ወረቀት ትቶ አለፈ?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። የአያት አያት በሬ ጠምዶ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ዕቃውን ጋሪ ላይ ጭኖ ወደ ምዕራብ ሄደ። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ከየት ነው የተነሳው? ለምን እዚያ ቦታ ላይ ቆመ? መሬቱን ማን ሰጠው? ይህን መፈለግ እዚያ አገር ለብዙ ሰው ትልቅ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ጡረታ ወጥተው ዕድሜያቸውን የሚሰጡት አሉ።

ነገሩ ከሩቅ ሲታይ የዘር ቆጠራ ይመስላል። እኔ ግን የመሬትና የሕግ ምርመራ ነው ባይ ነኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ተራ ገበሬ ስለ ራሱ ጽፎ የተወው ነገር እምብዛም ነው። መንግሥት ግን ይጽፋል። ግብር ሊያስከፍል ይጽፋል፣ ሊቆጥር ይጽፋል፣ መሬት ሊሰጥ ይጽፋል፣ ሊከለክልም ይጽፋል። አያቱን የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው መንግሥት በዚያን ጊዜ ማወቅ የፈለገውን ያህል ነው። እኛም አገር በርስት ዘመን ሰው እስከ ዋናው አባት ድረስ ዘሩን ቆጥሮ የሚያስረዳው መሬት ሲጠይቅ አልነበር? እዚያም ያው ነው። ልዩነቱ በወረቀት መሆኑ ነው።

በደረቁ ከማስረዳት አንድ ሰው ይዘን እንሂድ። ስሙ ጆርጅ ቡሽ ነው። ፕሬዚዳንቶቹን ማለቴ አይደለም። ይኼኛው ቡሽ ፔንሲልቬኒያ የተወለደ፣ የአፍሪካ ዘር ያለው አባትና አየርላንዳዊት እናት የነበሩት ነጻ ሰው ነው። በ1844 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከሚዙሪ ተነስቶ ዛሬ ዋሽንግተን ስቴት ወደምንለው አገር ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ከሲያትል ወደ ፖርትላንድ የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ ኦሎምፒያን እንዳለፈ ተምዋተር የምትባል ከተማ ያገኛል። የቡሽ እርሻ የነበረው እዚያ ነው። ሜዳው እስከ ዛሬ ቡሽ ፕሬሪ ይባላል።

ስሙ ራሱ የመጀመሪያው ችግር ነው። ኢንተርኔት ላይ «ጆርጅ ቡሽ» ብላችሁ ብትፈልጉ አባትና ልጅ ፕሬዚዳንቶቹ ይውጡታል። በኋላ የተጻፉ ታሪኮች «ጆርጅ ዋሽንግተን ቡሽ» ይሉታል። ቆይተን የምንደርስበት፣ ስለ እሱ የወጣው ሕግ ግን ጆርጅ ቡሽ ብቻ ነው የሚለው። ሙሉውን ስም ይዞ የሚፈልግ ሰው ዋናውን ሰነድ ሊያጣው ይችላል ማለት ነው። መፍትሔው ስምን ከቦታ ጋር ማያያዝ ነው፦ ቡሽ፣ ተርስተን ካውንቲ። ካውንቲ ማለት በስቴቱ ሥር ያለ፣ የራሱ ፍርድ ቤትና መዝገብ ቤት ያለው አስተዳደር ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ከስም ይልቅ ካውንቲ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከመጨረሻው ወደ ኋላ

ጀማሪ ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ጉዞው ነው። ጋሪው፣ በሬው፣ ወንዙ ያጓጓላ! ነገር ግን የሚጀመረው ከሞት ነው። ሰው ሲሞት ወረቀት ይበዛል። መቃብር አለ፣ ጋዜጣ ላይ የወጣ ዜና ዕረፍት ሊኖር ይችላል፣ ከሁሉም በላይ የውርስ ፋይል አለ። ፍርድ ቤቱ ንብረት አጣሪ ይሾማል፤ አጣሪው ላሙን፣ ማረሻውን፣ ብድሩን፣ የወራሾቹን ስም ይዘረዝራል። ይህ የሚገኘው ካውንቲው ፍርድ ቤት ነው፤ አለዚያም ወደ ስቴቱ ቤተ መዛግብት ተዛውሯል።

ቡሽ የሞተው ሚያዝያ 1863 ነው። ሚስቱ ኢዛቤላ በ1866 ተከተለችው። ከዚያ ተነስቶ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ከእሱ በፊት የነበረውን ይጠቁማል። ከፊት ወደ ኋላ ከመጣችሁ ግን ሚዙሪ ውስጥ ካሉት ቡሾች የትኛው የእናንተ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ቆጠራው

ቀጥሎ የሚታየው የሕዝብ ቆጠራ ነው። አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች። የግለሰቦቹ መረጃ ለ72 ዓመት ይታሸግና ከዚያ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው። ስለዚህ ሳይጠፋ የተረፈው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቆጠራ ከቤት ሆኖ በነጻ የሚታይ ነው።

ነገር ግን ቆጠራው ሁሉ እኩል አይደለም። እስከ 1840 ድረስ በስም የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው በዕድሜና በጾታ ተከፍሎ ቁጥር ብቻ ይሆናል። ሚስት ስም የላትም፣ ልጅ ስም የለውም። በ1850 ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ በስም መጻፍ ጀመረ፤ ዕድሜው፣ ሥራው፣ የተወለደበት ስቴት ተጨመረ። ባሪያ የተደረጉት ሰዎች በ1850ም በ1860ም በተለየ ቅጽ ላይ በባለቤቱ ስም ሥር፣ ያለ ስም፣ ዕድሜያቸው፣ ጾታቸውና ቀለማቸው ተጻፈ። አብዛኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ለጥቁር አሜሪካውያን ዘር ፍለጋ 1870 ግድግዳ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው። ቡሽ ነጻ ሰው ስለነበር ያ ግድግዳ አያግደውም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሌሎችን ግን ያግዳል። የ1890ው ቆጠራ ደግሞ በ1921 ዋሽንግተን ዲሲ በተነሳ ቃጠሎ ተጎድቶ፣ የተረፈውም በኋላ ተወግዶ፣ በአብዛኛው ጠፍቷል። ከ1880 እስከ 1900 ያለው 20 ዓመት ለብዙ ቤተሰብ ጨለማ ነው፤ ምዕራቡ በሰው የሞላው ደግሞ በዚያው ጊዜ ነው።

ሌላ ወጥመድ አለ። ቡሽ ቤቱን ሳይለቅ አገሩ ብዙ ጊዜ ተቀይሮበታል። በ1845 ሲሰፍር አካባቢውን አሜሪካና እንግሊዝ በጋራ ይጠቀሙበት ነበር። በ1846 በስምምነት የአሜሪካ ሆነ። በ1848 የኦሪገን ግዛት ተብሎ ተዋቀረ፤ ቦታው ሉዊስ ካውንቲ ውስጥ ወደቀ። በ1852 ተርስተን ካውንቲ ተከፍሎ ወጣ። በ1853 ደግሞ የዋሽንግተን ግዛት ተባለ። «ዋሽንግተን» ብሎ የ1850ን ቆጠራ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። እዚያ ዓመት ላይ ዋሽንግተን የሚባል ግዛት የለማ! ስለዚህ ከስሙ በፊት የዘመኑን ካርታ ማየት ነው።

የስም አጻጻፍም ያስቸግራል። ቆጣሪው የሰማውን ነው የሚጽፈው። እዚህ ላይ አሜሪካ ያለ ሐበሻ ያስብበት። ባል በአባቱ ስም፣ ሚስት በአባቷ ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም ሲጠራ፣ በእነሱ መዝገብ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት «የቤተሰብ ስም» ይገባል። ከ100 ዓመት በኋላ የሚፈልግ የልጅ ልጅ እነዚህ ሰዎች ዝምድና ያላቸው አይመስለውም። የስደተኛ ፋይሎች ባለቤቱ ከተወለደ 100 ዓመት ሲሞላው ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ እንዲዛወሩ ስለሚደረግ፣ ይህን ጣጣ የሚጋፈጥ ሰው መምጣቱ አይቀርም።

መሬቱን ተከተሉ

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው የሄደው መሬት ፍለጋ ነው። ስለዚህ መሬቱን ያገኘ ሰው ሰውየውን አገኘ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንረዳው። የፌዴራሉ መንግሥት ምዕራቡን አገር እንደ ደብተር ካሬ በካሬ ከፋፈለው። አንድ ታውንሺፕ የሚባለው ጎኑ 6 ማይል የሆነ ካሬ ነው። እሱ በ36 ክፍል ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ካሬ ማይል ነው፤ 640 ኤከር። በእኛ ስሌት 259 ሄክታር፣ ማለትም ስድስት ጋሻ ተኩል አካባቢ። ስለዚህ እያንዳንዱ መሬት የቁጥር አድራሻ አለው፤ የክፍሉ ቁጥር፣ የታውንሺፑ ቁጥር፣ የረድፉ ቁጥር። ይህ አድራሻ እንደ ካውንቲ ስም አይቀያየርም። ዛሬም ካርታ ላይ አስቀምጣችሁ ቦታው ድረስ መሄድ ትችላላችሁ።

መንግሥት መሬቱን ለሰው ሲያስተላልፍ የባለቤትነት ወረቀት ይሰጣል። እኛ አዲስ አበባ «ካርታ» የምንለው ዓይነት ነው። የእነዚህ ወረቀቶች ቅጂ በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ስም፣ ስቴትና ካውንቲ አስገብቶ መፈለግ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ወረቀቱን ያትምና ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይቆማል። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ስምና የመሬት ቁጥር እንጂ ሌላ አይነግርም። ሀብቱ ያለው ወረቀቱ እንዲሰጥ ምክንያት በሆነው ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፤ አብዛኛው ኢንተርኔት ላይ ስላልወጣ የመሬቱን ቁጥር ይዞ፣ ክፍያ ከፍሎ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ፋይሉ ውስጥ ምን አለ? የሚወሰነው መሬቱ በየትኛው ሕግ እንደተሰጠ ነው። በሰፊው የሚታወቀው ሊንከን በግንቦት 1862 የፈረመው የሆምስቴድ ሕግ ነው። 160 ኤከር፣ ማለትም ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ፣ ለ5 ዓመት ኖሮበትና አርሶ ላሳየ ሰው በትንሽ የመዝገብ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ሰውየው 5 ዓመቱን ሲጨርስ ሁለት ምስክር ይዞ ይቀርባል። ይጠየቃል፦ ቤትህ ስፋቱ ስንት ነው? ስንት ኤከር አረስክ? ምን ዘራህ? ስንት ልጅ አለህ? ከቦታው ርቀህ ታውቃለህ? ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ የዜግነት ወረቀቱም ይያያዛል። ምስክሮቹ ደግሞ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አማች ወይም የአገር ልጅ። ስለዚህ የምስክሮቹን ስም አትለፉት። እንዲህ ባለው ሕግ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ሰው መሬት አግኝቷል። ሳይሳካለት ትቶ የሄደውም ብዙ ነው። የእሱ ስም ድረ ገጹ ላይ አይወጣም፤ ፋይሉ ግን ሊኖር ይችላል።

ቡሽን የሚመለከተው ግን ከዚያ በፊት የወጣ ሌላ ሕግ ነው። ኮንግረስ በመስከረም 1850 ለኦሪገን ግዛት ሰፋሪዎች የመሬት ስጦታ ሕግ አወጣ። ከታኅሣሥ 1850 በፊት እዚያ ለደረሰ ላላገባ ወንድ 320 ኤከር፣ ለባልና ሚስት 640 ኤከር። ግማሹ በሚስትየዋ በራሷ ስም ነው የሚመዘገበው፤ ለዚያ ዘመን ይህ ያልተለመደ ነበር። አመልካቹ የት ተወለድክ፣ መቼና የት አገባህ፣ መቼ ደረስክ ይባላል። በዚህ ምክንያት የእነዚህ ፋይሎች መረጃ ለዘር ፈላጊ ወርቅ ነው። ጋብቻው የተፈጸመበት ማስረጃ የትም ቦታ ጠፍቶ እዚህ የተገኘበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ግን ሕጉ «ለነጭ ሰፋሪዎች» ይላል፤ የጨመረው ከነጭና ከአገሬው ሕንዶች የተወለዱትን ብቻ ነው። ቡሽ እዚያ አገር ከደረሰ 5 ዓመት ሆኖታል። አርሷል፣ ቤት ሠርቷል፣ መንገደኛ አስተናግዷል። መሬቱ ግን በሕግ የእሱ አይደለም። ማንም ነጭ መጥቶ «ይህ የኔ ነው» ቢለው መከራከሪያ የለውም።

ጎረቤቶቹ ዝም አላሉም። አዲሱ የዋሽንግተን ግዛት ምክር ቤት በ1854 ገና የመጀመሪያው ስብሰባው ላይ ለኮንግረስ አቤቱታ ላከ። ይህ ሰው ቀድሞ የሰፈረ ነው፣ መሬቱን አልምቷል፣ ለተቸገረ እጁን ዘርግቷል፣ ይሰጠው አለ። ኮንግረስም በየካቲት 1855 ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የተጻፈ ልዩ ሕግ አጸደቀ። ቡሽና ሚስቱ 640 ኤከራቸውን አገኙ። የመምረጥ መብት ግን አላገኘም፤ ድምፅ ሳይሰጥ ነው የሞተው።

ለመርማሪው ይህ ምን ማለት ነው? ነጩ ጎረቤቱ ተራ ማመልከቻ ሞልቶ ተራ ፋይል ትቷል። ቡሽ በመከልከሉ የተነሳ የምክር ቤት ውሳኔ፣ አቤቱታና የኮንግረስ ሕግ ውስጥ ገባ። ግፉ ነው ወረቀቱን ያበዛው። ይህ በሌሎችም ላይ ይታያል። ስለዚህ ቅድመ አያታችሁ ጥቁር፣ ቻይናዊ ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ከነበረች ከተራው መዝገብ ውስጥ ስሟን ስታጡ ተስፋ አትቁረጡ። አቤቱታ፣ ክስ፣ ልዩ ሕግ ያለበት ክፍል ሂዱ።

ጉዞው ራሱ

ወደ ኦሪገን የሚወስደው መንገድ ከሚዙሪ ተነስቶ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ፊልም ላይ ሰዎቹ ጋሪ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ፤ እውነቱ ግን አብዛኛው ሰው በእግሩ ነበር የሚሄደው። ጋሪው ለዱቄቱና ለዕቃው ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ከሁሉ በላይ የገደላቸው ኮሌራ ነበር። ባቡሩ በ1869 ከዳር እስከ ዳር እስኪገጥም ድረስ በዚህ መንገድና በቅርንጫፎቹ ከ300,000 በላይ ሰው እንደተጓዘ ይገመታል።

ችግሩ የተሳፋሪ ዝርዝር አለመኖሩ ነው። በመርከብ የመጣ ሰው በወደቡ ይመዘገባል። በጋሪ የሄደ ሰው ግን ድንበር ላይ የሚመዘግበው የለም። ለየት የሚሉት ሞርሞኖቹ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው የተጓዦቻቸውን ስም በቡድን በቡድን ሰብስባለች። ለሌላው ሰው የሚሆነው ዘዴ አንድ ነው፦ አብረው የሄዱትን መፈለግ። ሰው ብቻውን አልሄደም። ከወንድም፣ ከአማች፣ ከጎረቤት ጋር ነው የሄደው። የእናንተ ሰው ማስታወሻ ባይጽፍ አጠገቡ ያለው ጽፎ ይሆናል። ዋዮሚንግ ውስጥ ያለው ኢንዲፔንደንስ ሮክ የሚባለው ቋጥኝ እንኳ መንገደኞች በቀረጹት ስም የተሞላ ነው።

ቡሽ የተጓዘው ማይክል ሲመንስ ከሚባል ጓደኛውና ከሌሎች ጥቂት ቤተሰቦች ጋር ነው። በዚያው ዓመት መንገድ ላይ የነበረ ጆን ሚንቶ የሚባል ወጣት ከቡሽ ጋር ያወራውን በኋላ ጽፎታል። ቡሽ ኦሪገን ላይ እንደ ነጻ ሰው መብቱ ካልተከበረለት ያኔ የሜክሲኮ ወደነበሩት ወደ ካሊፎርኒያ ወይም ኒው ሜክሲኮ እንደሚሄድ ነግሮታል። ሰውየው መንገድ ላይ እያለ ልቡ ውስጥ የነበረውን ያወቅነው በሌላ ሰው ብዕር ነው።

ፍርሃቱ ደግሞ ልክ ነበር። በሰኔ 1844፣ እሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ የኦሪገን ጊዜያዊ መንግሥት ጥቁሮች ከአገሩ እንዲወጡ ደነገገ። ያልወጣ በየ6 ወሩ እስከ 39 ጅራፍ ይገረፋል ይላል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጅራፉ ተነስቶ በግዳጅ ሥራ ተተካ፤ በ1845 ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል ተሻረ። ቡሽና ጓደኞቹ ግን ወደ ለም ሸለቆው ወደ ዊላሜት አልሄዱም። ከኮሎምቢያ ወንዝ በስተሰሜን ዞሩ። እዚያ ሥልጣን የነበረው የእንግሊዞቹ የንግድ ድርጅት ሐድሰን ቤይ ኩባንያ ነው፤ የኦሪገኖቹ ሕግ ክንዱ አይደርስም። በ1845 መኸር አካባቢ ተምዋተር ሰፈሩ።

«ለምን እዚያ ቆመ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አፈሩ አይደለም፤ ሕጉ ነው። ይህን የምታገኙት ስለ ቡሽ የተጻፈ ወረቀት ላይ ሳይሆን እሱ በሄደበት ዓመት የወጡ ሕጎች ላይ ነው። የአያታችሁን መንገድ ካርታ ላይ ስታሰምሩ ግራ የሚያጋባ መጠምዘዝ ካያችሁ የዚያን ዓመት ሕግ አንብቡ። የኩባንያው የንግድ ሰነዶችም ካናዳ ዊኒፔግ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሰፋሪዎቹ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የዘለቁት ከኩባንያው በብድር በገዙት ዕቃ ስለሆነ እዚያም መፈለግ ያዋጣል።

የሚወራውና የሚጨበጠው

የቤተሰብ ወግ መጣልም፣ እንዳለ መቀበልም አይገባም። ቡሽ በጋሪው ወለል ሥር ድርብ ጣውላ ሠርቶ ብዙ የብር ገንዘብ ደብቆ ነበር ይባላል። በ1815 ኒው ኦርሊንስ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ተዋግቷል ይባላል። የተወለደው አንዱ በ1779 ነው ይላል፣ ሌላው 1790 ገደማ ይላል። የመጀመሪያውን ከወሰድን በ65 ዓመቱ ነው ያንን ሁሉ መንገድ የሄደው። ይቻላል፤ ከባድ ግን ነው።

እንዲህ ያለውን ወሬ ለመፈተን ወሬው እውነት ቢሆን ምን ወረቀት ይኖር ነበር ብሎ መጠየቅ ነው። ወታደር ከነበረ የጦር መዝገብ አለ። በዚያ ጦርነት ለዘመቱ መንግሥት መሬት ሰጥቷል፤ ስለዚህ የመሬት ማመልከቻም ሊኖር ይችላል። እነዚህ ሁሉ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ይፈለጋሉ። የድርብ ጣውላው ወሬ ግን ወረቀት አያስወጣም። «ይባላል» ተብሎ ተጽፎ ይቀመጥ።

አንዳንዴ ወሬ ጓደኛ ያገኛል። በ1852 እህል በተወደደ ጊዜ ቡሽ ለነጋዴ ከመሸጥ ለሰፋሪዎቹ በብድርና በነጻ ሰጠ ይባላል። ይህን ከጻፉት አንዱ ኤዝራ ሚከር ነው፤ ግን የጻፈው 50 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፣ ወደዚያ አካባቢ የመጣውም በ1853 ነው። ስለዚህ የሰማውን ነው የጻፈው ማለት ይቻላል። ነገር ግን የ1854ቱ አቤቱታም የተቸገረ ሰው ቡሽ ዘንድ ሄዶ ባዶውን እንዳልተመለሰ ይገልጻል። ያንን የጻፉት ነገሩ በተፈጸመ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በዚያው አገር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ተለያይተው አንድ ነገር ሲሉ ወሬው ክብደት ያገኛል።

ኢንተርኔት ላይ ሰዎች የሠሩትን የዘር ሐረግም በዚሁ ሚዛን መመዘን ነው። ፋሚሊሰርች በሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚተዳደር ነጻ ድረ ገጽ ነው፤ የሰነዶቹ ቅጂ ድንቅ ነው። እዚያው ላይ ተጠቃሚዎች የሚያያይዙት የቤተሰብ ሐረግ ግን አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ ስህተቱ ይባዛል። መቶ ሰው አንድ ቀን ቢጽፍ መቶ ምስክር አይደለም፤ የሚቆጠረው የመጀመሪያው ነው። የድሮ ጋዜጦችን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ያስነብባል። የዲኤንኤ ምርመራን በተመለከተ ባጭሩ፦ ከአምስት ትውልድ በፊት ከነበረ አንድ አያት የሚደርሳችሁ በአማካይ 3 በመቶ ብቻ ነው። ዘመድ ያገናኛል እንጂ አያትየው የት እንደኖረ አይነግርም።

ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የመሬቱ ባለቤቶች

ኢዛቤላ ጄምስ የጀርመን ዘር ያላት ነጭ ሴት ነበረች። በ1831 ነው የተጋቡት። አምስት ወንዶች ልጆች ይዘው ተጓዙ፤ ስድስተኛው አዲሱ አገር ላይ ተወለደ። የእንዲህ ያሉ ሴቶች ስም የሚወጣው ከጋብቻ መዝገብ፣ ከመሬት ፋይልና ባል ሲሞት ከሚከፈተው ውርስ ነው። ባልን ብቻ የፈለገ ሰው ሚስትን ያጣታል። ሚስትን የፈለገ ግን ባልንም ያገኛል።

በልጅ በኩል መምጣትም ይቻላል። የበኩር ልጁ ዊሊያም ኦወን ቡሽ ስንዴውን ይዞ በ1876 ፊላደልፊያ ላይ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ተሸልሟል። ዋሽንግተን በ1889 ስቴት ስትሆን የመጀመሪያው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። አባቱ ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር፤ ልጁ ሕግ አውጪ ሆነ። የታወቀ ልጅ ሲኖር ጋዜጣ ስለ አባቱም ያነሳል። ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ ስሙ የወጣውን ሰው ፈልጋችሁ የእሱን የሕይወት ታሪክ አንብቡ።

በመጨረሻ የማይታለፍ አንድ ሰነድ አለ። ሰፋሪዎቹ ሲመጡ ምድሩ ባዶ አልነበረም። የኒስኳሊና የጎረቤት ሕዝቦች አገር ነው፤ የኒስኳሊው መሪ ሌሻይ ሰፋሪዎቹን እንደረዳ ይነገራል። በታኅሣሥ 26 ቀን 1854 የግዛቱ ገዥ አይዛክ ስቲቨንስ ሜዲስን ክሪክ ላይ ውል አስፈረማቸው። ከ2 ሚሊዮን ኤከር በላይ ለቀቁ። ሌሻይ መፈረሙና አለመፈረሙ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጦርነት ተነሳ፤ እሱም በ1858 ተሰቀለ። የቡሽ ልዩ ሕግ የጸደቀው ውሉ በተፈረመ በሁለት ወር ውስጥ ነው። ውሉን ከፍታችሁ አንብቡት፤ ለኒስኳሊ ሕዝብ በሙሉ የተከለለው መሬት 1,280 ኤከር ይላል። ልክ ሁለት ክፍል ነው፤ ቡሽና ኢዛቤላ ካገኙት እጥፍ።